ከጡት ሕክምና በኋላ ስለሚያብጥ ክንድ

ካንሰር በሚባለው ነቀርሳ ጡቷን ታማ በቀዶ ጥገና የታከመች ሴት፥ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ፥ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ሌላ ነገር ሊያጋጥማት ይችላል። በድሬዳዋ የምትኖር እናት ብትሆን፥ ወደ ሠርግ ልትሄድ ስትል የብር አምባሯ አልገባ ይላታል፤ ወይም የቀሚሷ አንዱ እጅጌ ይጠብባታል። እርስዋም የቆላው ሙቀት ነው፥ ወይም ሥራ አብዝቼ ነው ብላ ትተወዋለች። ሌላዪቱ ደግሞ ነቀርሳው ተመለሰብኝ ብላ ትሰጋለች፤ ለሰውም ሳትናገር ክንዷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሁለቱም መንገድ ይጎዳል።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ፥ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ። የክንድ ፈሳሽ በብብት ባሉት ትናንሽ ዕጢዎች አልፎ ወደ ደም ይመለሳል። የጡት ነቀርሳ ወደ እነዚህ ዕጢዎች ሊዛመት ስለሚችል፥ ሐኪሙ ያወጣቸዋል፤ ወይም በጨረር ያክማቸዋል። መንገዱ በተበላሸ ጊዜ ፈሳሹ በክንድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ይህንም እብጠት ሐኪሞች ሊምፌዴማ ይሉታል። የብብት ዕጢዎቻቸው በብዛት ከወጡላቸው ሴቶች ከ5ቱ አንዲቱን ያህል ያገኛታል፤ ጥቂት ዕጢ ብቻ ተመርጦ በወጣ ጊዜ ግን አደጋው እጅግ ያንሳል።

ይህን ደዌ ለመለየት ብዙ ጊዜ ትልቅ መሣሪያ አያሻም፤ ልብስ ሰፊ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ሜትር ይበቃል። ሁለቱ ክንዶች በመዳፍ፥ በእጅ አንጓ፥ ከክርን በታችና በላይ ይለካሉ። የታከመችበት ወገን ክንድ ከሌላው በ2 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢበልጥ ምልክት ነው። ነገር ግን በቀኙ የሚሠራ ሰው ቀኝ ክንዱ በተፈጥሮ ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው፥ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለቱንም ክንድ አስለክቶ ቁጥሩን ጽፎ ማኖር ነው። የፊተኛው ልክ ከሌለ የኋለኛውን ከምን ጋር እናስተያየዋለን? ሙቀት እብጠትን ስለሚያባብስ፥ ልኩ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፥ ይልቁንም በጠዋት ይወሰድ።

ሐኪሙ ደግሞ ቆዳውን በጣቱ ይጫናል፤ ጎድጉዶ ቢቀር ፈሳሽ መኖሩን ያሳያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ስቴመር የተባለ ሐኪም የገለጸውም ምልክት አለ፤ በጣት ሥር ያለውን ቆዳ ቆንጥጦ ማንሣት ካልተቻለ ደዌው ሊምፌዴማ መሆኑን ያስረዳል። ቆዳው ቢነሣ ግን ደዌው የለም ማለት አይደለም።

እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም። በድንገት ያበጠና የሚያም ክንድ፥ ደም በሥሩ ውስጥ ረግቶበት ሊሆን ይችላል። የሚያቃጥልና ትኩሳት ያለው ክንድ ተመርዞ ሊሆን ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጥ ላይታይ ስለሚችል፥ ሙቀቱን በእጅ ዳብሶ ማወቅ ይገባል። በእነዚህ ሁለት ነገሮች በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። አዲስ እብጠት አልፎ አልፎ የነቀርሳው መመለስ ምልክት ስለሚሆን፥ ሌላውም ቢሆን ሳይመረመር በግምት አይተው።

መዘግየት የሚጎዳው ስለዚህ ነው፤ በመጀመሪያ ክንዱን ከፍ ሲያደርጉት እብጠቱ ይወርዳል፤ ሲቆይ ግን ሥጋው እየጠነከረ ይሄዳል። በጊዜ የታወቀ እንደ ሆነ በሚያጠብቅ ፋሻ ወይም እጅጌ፥ በተገቢ እንቅስቃሴና ቆዳን ከቁስል በመጠበቅ ሊገታ ይችላል።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ወይም በሐረር ታክማችሁ ወደ ድሬዳዋ የተመለሳችሁ እመቤቶች፥ የልካችሁን ወረቀት ከሕክምና ወረቀታችሁ ጋር አኑሩ፤ ለውጥ ባያችሁ ጊዜም ይዛችሁት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርባችሁ ሐኪም ሂዱ። አምባሩ አልገባም ባለ ቀን፥ አምባሩን ከማስፋት ክንዱን ማስለካት ይቀድማል።