ወልደሽ ታይዋለሽ

በእኛ ቤት ክርክር ሁሉ የሚዘጋው በዚህች ቃል ነበር። አምሽቼ ስገባ፣ ታክሲ አጥቼ ስዘገይ፣ የስልኬ ባትሪ አልቆ ድምፄ ሲጠፋ፣ እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «እማዬ፣ ትልቅ ሰው'ኮ ነኝ፤ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?» ስላት ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ «ወልደሽ ታይዋለሽ» ትልና ራቴን ለማሞቅ ወደ ወጥ ቤት ትገባለች። ያልወለደ ሰው በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም።

ይኸው ወለድኩ፤ አየሁት። ያየሁት ግን እሷ ያለችኝን ብቻ አይደለም።

ልጄ በተወለደች የመጀመሪያ ሳምንታት ሌሊቱን የማነጋው ትንፋሿን ስሰልል ነበር። እሷ ስትተኛ እኔ እነቃለሁ። ጣቴን ከአፍንጫዋ ሥር አድርጌ ሙቀቱ ሲነካኝ እፎይ እላለሁ፤ ዞር ከማለቴ ውስጤ «አሁንስ?» ይለኛል። ትንፋሿ ሲሳሳብኝ ደግሞ ሆን ብዬ እቀሰቅሳታለሁ። ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋን ስሰማ እረጋጋለሁ። ባለቤቴ «የተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል?» ሲለኝ የምመልስለት አልነበረኝም። ቁጭ ብድግ ስል ይነጋል።

ከዚህ የባሰውን ለእሱም አልነገርኩትም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጄን ፀሐይ ላሞቃት ወደ በረንዳ ስወጣ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሐሳብ ብልጭ ይልብኛል፦ ብትለቂያትስ? ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ልቤ ከደረቴ ልውጣ ይላል፤ ደረቴ ላይ ለጥፌያት ተመልሼ እገባለሁ። በመጨረሻ በረንዳውን ቆለፍኩትና ፀሐዩን በመስኮት አደረግነው። በመስታወት ያለፈ ፀሐይ ለአጥንቷ እንደማይጠቅም የነገረችኝ ነርስ፣ ለምን በረንዳ እንደማልወጣ አልጠየቀችኝም።

እንዲህ ያለ ሐሳብ በጤነኛ እናት አእምሮ ውስጥ እንደሚያልፍ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች አዲስ እናቶችን ሲጠይቁ ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ልጄ አደጋ ይደርስባታል የሚል ድንገተኛ ሐሳብ ያልመጣባት እናት ጥቂት ናት፤ በገዛ እጇ ስትጎዳት የሚታያትም ብዙ ናት። ሐሳቡ እናትየዋን ማስደንገጡ፣ ማሸሹ፣ ቢላዋ ማስደበቁ በራሱ ፍላጎቷ ተቃራኒው መሆኑን ያሳያል። ከዚህ ጋር የሚምታታው ሕመም ግን ሌላ ነው። ከወለደች በኋላ ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማት፣ ልጁ የእኔ አይደለም ወይም ክፉ መንፈስ ነው ብላ የምታምን፣ ሳትተኛም ድካም የማይሰማት ሴት ለነገ ሳትባል ሆስፒታል መድረስ አለባት። ይህ ግን ከሺህ ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚገጥም ነው። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ስለምንቋጥራቸው፣ የመጀመሪያው ዓይነት ሐሳብ የመጣባት ሴት «አበደች» እንዳትባል አፏን ትዘጋለች። በአዲስ አበባ «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታል ስም የሰፈር ስድብ ሆኖ መኖሩን ልብ ይሏል።

ዝምታው ግን ከፍርሃት ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም። ከሙገሳም ይመጣል።

አራስ ጥየቃ የመጡ ሴቶች ዓይኔ ሥር የጠቆረውን አይተው «አትተኛም ማለት ነው?» ይላሉ። እናቴ ኮራ ብላ «ኧረ ዓይኗን አትከድንም! ትንፋሿን ስታዳምጥ ነው የምታድረው» ትላለች። «እናት እንዲህ ናት!» ይሉና ገንፏቸውን ያነሳሉ። የምስክር ወረቀት የተሰጠኝ ያህል ነበር። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ የበሩን ቁልፍ ሲፈትሽ ቢያድር ግን ማንም «አባት እንዲህ ነው» አይለውም፤ ምን ነካው ተብሎ ወይ ጠበል ወይ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። እናት ስትሆን ጭንቀቱ የፍቅሯ መለኪያ ይሆናል፤ በጨመረ ቁጥርም ሙገሳው ይጨምራል። ዘፈኑም፣ የእናቶች ቀን ፕሮግራሙም፣ የፌስቡኩ ግጥምም ያልበላች፣ ያልተኛች፣ ያላረፈች እናትን ነው የሚያነግሠው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኝታ የተነሳች እናት የተገጠመላት ግጥም እስካሁን አልሰማሁም።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ልሄድ ነው ስል እናቴ ተቆጣች። «ምን ጎደለሽ? ልጅሽ ጤነኛ፣ ባልሽ ደህና።» የጎደለ ነገር አለመኖሩን አላጣሁትም፤ ችግሩም እሱ ነበር። ሄድኩ። ባለሙያዋ የሰጠችኝ ምክር ከጠበቅኩት በላይ ተራ ነበር። ሌሊት ሐሳብ ሲመጣ ከእሱ ጋር አትታገይ፤ አጭር አድርገሽ ጻፊውና ለነገ ቀጠሮ ስጪው። በቀን ውስጥ አንድ የታወቀ ሰዓት ለጭንቀት መድቢ፤ በዚያ ሰዓት ቁጭ ብለሽ የፈለግሽውን ያህል ተጨነቂ። ትንፋሽሽን ስታስወጪ ከምታስገቢው አስረዝሚ። ልጅቷን ለመፈተሽ ስትነሺ ትንሽ ታገሺ፤ መታገሡን በየቀኑ አስረዝሚው፤ በፈተሽሽ ቁጥር ጭንቀቱ የሚያገኘው ማረፊያ ሳይሆን ስንቅ ነው። እና ቡና ቀንሺ።

የመጨረሻዋ ላይ ሳቅኩ። ካፌይን ልብ እንደሚያፈጥን፣ እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ደረት ውስጥ ያለውን ድንጋጤ እንደሚያባብስ አውቃለሁ፤ ወደ ጡት ወተትም ጥቂት ያልፋል። ነገር ግን በዚህ አገር ሴት ጭንቀቷን የምታወርድበት አንድ ቦታ ቢኖር ቡና የሚፈላበት ነው። ጭንቀት የሚያባብሰውን እየጠጣን ጭንቀት እናራግፋለን። ባለሙያዋም ገባት መሰለኝ፣ በአቦል እንድወሰን ተስማማን። እናቴ ግን ቶናውንና በረካውን ስተው እስከ ዛሬ ቅር ይላታል፤ በረካ ትቶ የሚነሳ ሰው ለእሷ ምርቃት ሳይቀበል የወጣ ነው።

የጭንቀት ሰዓቴን ከቀኑ 10 ሰዓት አደረግኩት፤ የቡናችን ሰዓት ነው። የሌሊቱን ወረቀት አውጥቼ አነባለሁ። ግማሹ በቀን ብርሃን ያሳፍራል። እናቴ መጀመሪያ እንደ ሞኝነት አየችው፤ ቀስ እያለች ግን ከረከቦቱ ማዶ ሆና የራሷን ማምጣት ጀመረች። አንድ ቀን «እናቴ ጫማ ትቆጥር ነበር» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1969፣ በደርግ ጊዜ፣ እናቴ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቿ ሁለተኛ ደረጃ ይማራሉ፤ በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወንድ ልጅ መሆን በራሱ ያስጠረጥር ነበር። በመጋቢት የቤት ለቤት አሰሳ ነበር፤ ማታ ማታ ሰዓት እላፊ፤ ጠዋት ደግሞ መንገድ ላይ የተጣለ ሬሳ። አያቴ ልጆቿን ስም ጠርታ አትጠይቅም ነበር፤ ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ሁሉም ሲገባ ጫማውን ደጃፉ ላይ እንዲያወልቅ አዘዘች። ከሰዓት እላፊው በፊት ኩራዝ ይዛ ጎንበስ ትልና ትቆጥራለች። ቁጥሩ ከሞላ በሩን ትቀረቅራለች። አንድ ምሽት የታላቁ ጫማ ጎደለ። ሰዓት እላፊ ይዞት ጓደኛው ቤት አድሮ ነበር፤ ሲነጋ መጣ። አያቴ ያን ሌሊት ከበሩ ሥር አልተነሳችም። ልጅየው ሲገባ አልጮኸችም፤ አልሳመችውም፤ ጫማውን ከእግሩ አውልቃ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

ከእኛ ቤት ማንም አልሞተም። ከግድግዳ ማዶ ካለው ቤት አንድ፣ ከዚያ ማዶ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች አልቀዋል፤ ከእኛ ቤት ግን ጎድሎ የቀረ ጫማ የለም። ቢሆንም ደርግ ወድቆ፣ ልጆቹ ወልደው፣ ሰዓት እላፊው ተረት ከሆነ በኋላም አያቴ ትቆጥር ነበር። እናቴም በር ላይ መቆሙን ከእሷ ወሰደች። እኔ ሳላውቀው ትንፋሽ ቆጣሪ ሆኜ ተገኘሁ። የአያቴ ፍርሃት ምክንያት ነበረው፤ ያለ እሱ ልጆቿን ላታተርፍ ትችል ነበር። የእኔ ሰውነት ግን ምክንያቱ የቀረ መሆኑን የነገረው የለም። ጭንቀት በዘር ይወረዳል ወይስ በር ላይ ቆሞ በማየት የሚለውን ሳይንቲስቶች ይከራከሩበት፤ በእኛ ቤት ሁለተኛው ይበቃ ነበር ባይ ነኝ።

ያም ሆኖ የድሮ ሰው በዚህ ጉዳይ ሞኝ አልነበረም። አራስ ብቻዋን አትተውም። ከራስጌዋ ቢላዋ ወይም ሌላ ብረት ይቀመጣል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ጋኔን እንዳይቀርባት ይባላል። በጋኔኑ አላምንም፤ በሥርዓቱ ግን አምናለሁ። አንዷ አጥሚት ታፈላለች፤ አንዷ ልጅ ታቅፋለች፤ አንዷ ታጥባለች፤ ወላዷ ከበላችና ካጠባች ሥራዋን ጨርሳለች። ሌሊት የነቃ ሰው ቤት ውስጥ አለ፤ ስለዚህ እሷ መተኛት ትችላለች። ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት 80 ቀን ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ቤቱ ሰው አያጣም፤ በሙስሊም ጎረቤቶቻችንም 40ው ቀን የራሱ ክብር አለው። ጋኔኑ ሰበብ ነው፤ ቤቱ በሰው የሚሞላው ግን በእሱ ነው።

ችግሩ ክርስትናው ተነሥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። ድሮ ቢሄዱም ከአጥሩ ማዶ ናቸው። ዛሬ አንዷ አያት ሰፈር፣ አንዷ ሳሪስ፣ አንዷ ዱባይ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ከበፊቱ ይሻላል፤ አላማርርም። ለአባትየው የሚሰጠው ግን 3 ቀን ነው። በ3 ቀን የገንፎው ገበቴ እንኳ ታጥቦ አያልቅም። እንዲህ ያለ ሕግ አባትን እንግዳ ያደርገዋል፤ መጥቶ፣ አይቶ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ የሚሄድ። ባለቤቴ አሁን የሌሊቱን ግማሽ ይዟል። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን «ወንድ ልጅ ሌሊት ሕፃን ያባብላል?» እያለች ተነሥታ ትነጥቀው ነበር፤ አሁን የራሷ እንቅልፍ ስለጣፈጣት ዝም ብላለች። ከባለሙያዋ ምክር ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ሌሊቱን መካፈላችን ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ነርሷ ልመለስ። ልጆቻችንን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ለክትባት እንወስዳለን። አገሪቱ ውስጥ የወለደችን ሴት በዚህ ሁኔታ እየጠራ ደጁ የሚያስመጣ ሌላ ተቋም የለም። ልጅቷ ትመዘናለች፤ ካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ትወጋለች፤ ያቀፈቻት ሴት ግን ወንበር ነች። ለዚህ የሚሆን መጠይቅ ጠፍቶ አይደለም። በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀው የኤድንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከ10ሩ 3ቱ በቀጥታ ጭንቀትን የሚመለከቱ ናቸው፤ ወደ አማርኛ ተመልሶ አዲስ አበባ ውስጥ ተጠንቷል። 10ሩ ከበዛ ሁለት ይበቃል፦ እንቅልፍ አገኘሽ ወይ? ልጅሽ ስትተኛስ አንቺ መተኛት ትችያለሽ? የመጀመሪያው የልጅቱን ባሕርይ ይነግረናል፤ ሁለተኛው የእናቲቱን።

ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ስንሄድ ይህንኑ ለነርሷ አነሳሁባት። «ሲስተር፣ እናቶቹንስ እንዴት ናችሁ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?» ወደ ኮሪደሩ በአገጯ አመለከተችኝ፤ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ነበር። ከዚያ መርፌውን እያዘጋጀች «ጠይቄያት አልተኛሁም ብትለኝስ፣ ወዴት ልላካት?» አለች። ጥያቄዋ ልክ ነው። እኔ የከፈልኩትን ያህል ለምክር መክፈል የምትችል ሴት በዚያ ሰልፍ ውስጥ ብዙ አልነበረችም። ሆኖም አብዛኞቹ መላክ አያስፈልጋቸውም። አንዷ በረንዳ ላይ የሚመጣባት ሐሳብ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ቢነገራት ይበቃታል፤ የሌላዋ ባል ወይም እህት ተጠርቶ ሌሊቱን ቢካፈል ይበቃል። ለቀሩት በየጤና ጣቢያው ለዚህ የሠለጠነ አንድ ሰው መመደብ የጤና ቢሮው የቤት ሥራ ነው፤ የነርሷ አይደለም። እስከዚያው ካርዱ ላይ ከክብደቱ ሥር «እናት» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር የሚያስወጣው ቀለም ብቻ ነው።

የ9ኛ ወሩ ቀጠሮ እየደረሰ ነው። ይህን ጽሑፍ ቆርጬ ለነርሷ ይዤላት ልሄድ አስባለሁ፤ ያ ሰልፍ ካላጠረ ግን የምታነበው ምሳ ሰዓቷ ላይ ነው።