ቅጠሉ ከምድጃ በፊት ዘይቱን ይስጥ

ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ገዢ የሚሽቀዳደምበት ግንዱ ነው። አጣናው ለግንባታ ይጫናል፤ ወፍራሙ ምሰሶ ይሆናል። ቅጠሉና ቀንበጡ ግን እዚያው ይበሰብሳል፤ አለዚያም ሴቶች በጀርባቸው አዝለው ለእንጀራ መጋገሪያ ይሸጡታል። ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ይህ ሸክም የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖ ኖሯል። እኔ የምለው፣ ያ ቅጠል ምድጃ ከመግባቱ በፊት በውስጡ ያለው መድኃኒት ይውጣ፤ ጥቅሙም አስቀድሞ ለተሸካሚዋ ይድረስ ነው።

መድኃኒት ስል እያጋነንኩ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ሲኒዮል የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን ስንታጠን አፍንጫችንን የሚከፍተው እሱ ነው። ለሳል ከረሜላ፣ ለአፍ መጉመጥመጫና ለደረት ቅባት የሚውለውም ይኸው ዘይት ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት መመዘኛ ዘይቱ ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል እንዲኖረው ይጠይቃል።

አሠራሩም ከአቅማችን በላይ አይደለም። እንፋሎት በቅጠሉ መሀል ያልፋል፤ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀልል ከላይ ይንሳፈፋል። አረቄ የምታወጣ እናት ነገሩ አይጠፋትም። ጆሴፍ ቦዚስቶ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ ዘይቱን ለገበያ ማውጣት የጀመረው በእንፋሎት ነበር።

ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚገኘው ዘይት 1 ወይም 2 ኪሎ ቢሆን ነው። ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ዘይቱ የወጣለት ቅጠል ሲደርቅ ያው ማገዶ ነው፤ ከፊሉ ዘይት የሚወጣበትን ጋን ያፈላል፣ የቀረው ይሸጣል። ሴቲቱ ከአንድ ሸክም ሁለት ጊዜ ታገኛለች።

ቅጠል ላይ ማተኮሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው አሜሪካ ውስጥ ከሚበቅለው የው የተባለ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ ደግሞ ይሞታል። ፒየር ፖትዬና ባልደረቦቹ ፈረንሳይ ውስጥ መፍትሔውን ያገኙት ከአውሮፓው የው ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቢከረከም ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ጥንቃቄ ያሻል። ቅጠሉ በሙሉ ከተጠረገ አፈሩ ይራቆታል፤ ስለዚህ ከፊሉ እዚያው መቅረት አለበት። ዘይቱ ሲጠጣ መርዝ ስለሆነ በየጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍበት ገበያ መውጣት የለበትም። ለዘይቱ ተብሎም በእርሻ መሬት ላይ አዲስ ባሕር ዛፍ መተከል የለበትም፤ የሚቆረጠው ዛፍ የሚጥለው ቅጠል ይበቃናል።

እውቀቱም በቅርብ አለ። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል። የሚቀረው ይህን እውቀት ቅጠል ለቃሚዎቹ ዘንድ ማድረስ ነው። ደን የሚያስቆርጡ ድርጅቶች ቅጠሉን ለሴቶቹ ማኅበራት በውል ይስጡ። ባንኮች ለጋኑና ለማቀዝቀዣው ያበድሩ። ጥራት መርማሪዎች ዘይቱን ከደጃቸው ሄደው ይለኩላቸው። ከሁሉ በላይ ጋኑ የማኅበሩ ንብረት ይሁን፤ ባለሀብት ገዝቶ ሴቶቹን በቀን ሒሳብ ካሠራቸው ሸክሙ ያው የእነሱ፣ ዘይቱ ግን የሌላ ይሆናል።