ፎቁ ሲረዝም ትርፉም ይረዝማል እንዴ?

እኔ የምለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሆቴል በተመረቀ ቁጥር የሚወራው ስንት ፎቅና ስንት ክፍል እንዳለው ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ከክፍሎቹ ስንቱ ሰው እንደሚያድርበት የሚጠይቅ የለም። እኛ ጋዜጠኝነት የተማርነውም ብንሆን ሪቫኑ ሲቆረጥ ፎቶ አንስተን፣ ኬካችንን በልተን እንመለሳለን።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ባለ 40 ክፍል ሆቴል 32ቱን ቢሸጥ 80 በመቶ ሞላ ማለት ነው። ባለ 300 ክፍሉ ጎረቤቱ 120 ክፍል ቢሸጥ አራት እጥፍ የሚጠጋ ገበያ አለው፤ የሞላው ግን 40 በመቶው ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ፣ ሊፍቱ፣ ጥበቃው፣ ከሁሉም በላይ የባንኩ ወለድ የተቀሩት 180 ክፍሎች ባዶ ናቸው ብለው አይቀንሱለትም። ሳይሸጥ ያደረ ክፍል ደግሞ እንደ ሱቅ ሸሚዝ ለነገ አይቀመጥም፣ በቃ ሄደ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ይህንን ሁሉም ባለሆቴል አይቶታል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)።

ትልቅነት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። አንሶላውንም ሥጋውንም በብዛት የሚገዛ በርካሽ ይገዛል፤ ኢንተርኔት ላይ ክፍል ከሚሸጡት ድርጅቶች ጋር በኮሚሽን የመከራከር አቅምም አለው። ግን የቱ ትልቅነት ነው የሚያተርፈው?

ማሪዮትን ተመልከቱ። በ1993 ኩባንያው ለሁለት ተከፈለ። ሕንፃዎቹ ለአንደኛው ደረሱት፣ ማስተዳደሩና ስሙ ለሌላኛው። ስሙን የያዘው በ2016 ስታርዉድን በ13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ የዓለም ትልቁ የሆቴል ኩባንያ ሆነ። ዛሬ በስሙ ከሚጠሩት ሆቴሎች የራሱ የሆኑት በጣም ጥቂት ናቸው። የኛው ሸራተን አዲስ ሕንፃም የሼህ አል አሙዲ ነው። በ2016 የሸራተን ስም ባለቤት ሲቀየር የሕንፃው ባለቤት አልተቀየረም።

እንዲህ ዓይነቱ አስተዳዳሪ ክፍያውን በመጀመሪያ የሚያሰላው ከገቢው ላይ ነው፤ ከትርፍ የሚካፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ሆቴሉ ቢከስርም የገቢ ድርሻው አይቀርበትም። ኪሳራው የባለሕንፃው ነው፣ የብድሩ ዕዳም እንደዚያው። ታዲያ የኛ ሰው በብድር ኮንክሪት ሲከምር እነሱ ስም እያከራዩ ይተኛሉ ብል አጋነንሽ ትሉኝ ይሆን?

ስካይላይትስ የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ በ2019 ተከፍቶ ዛሬ ከ1,000 በላይ ክፍል አለው። ግን ባለቤቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ትራንዚት የሚያድረውን መንገደኛ በራሱ አውሮፕላን ያመጣዋል። አውሮፕላን የሌለው ባለሀብት የሱን ፎቅ አይቶ ፎቅ ቢሠራ እንግዳውን ከየት ያመጣዋል?

ባዶ ፎቅ ደግሞ የባለሀብቱ ራስ ምታት ብቻ አይደለም። ክፍሉ ካልተሸጠ ሰርቪስ ቻርጅም ቲፕም የለም። ቤት ኪራዩን በዚያ የሚሞላው የኛ እኩያ አስተናጋጅ ነው፤ ሆቴሉ ሠራተኛ ልቀንስ ሲልም መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። በሚቀጥለው ምርቃት ማይክ የሚደርሳችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ ስለ ፎቁ ሳይሆን በዓመት ስንት ሌሊት እንደሚሞላ ጠይቁልኝ።