የእመጫት ሥጋት ምስክርነት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው እያሉ የሚንቁት ሰዎች አሉ። እኛ ግን ይህን ንቀት አንቀበልም። ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን፥ ማን እንደሚታመንና ማን እንደሚጠረጠር ለብዙ ሺህ አንባቢ የሚያስተምር መጽሐፍ ቀላል ነገር አይደለም። ቀላል ስላልሆነም በሚሰጠው ትምህርት ሊጠየቅበት ይገባል።

ካናዳዊቱ ደራሲ ሻሪ ላፔና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ያሳተመችው «ጎረቤት ያሉት ባልና ሚስት» የተባለው ልብ ወለድ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። አን የተባለችው እናት ከወለደች ስድስት ወር ሆኗታል፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የመንፈስ ጭንቀትም ይዟታል። ጎረቤት ለራት ሲጠራቸው ሕፃኗን ትታ መሄድ ከብዷት ሳለ ባሏ አግባብቶ ወሰዳት። ሲመለሱ ሕፃኗ የለችም። ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬው በእናቲቱ ላይ ያርፋል፤ በሽታዋም እንደ ማስረጃ ይቆጠርባታል። ኋላ ግን በጠለፋው እጁ ያለበት ገንዘብ የቸገረው ባሏ ሆኖ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ደራሲዋ ትመሰገናለች፤ እናቲቱን ሲጠረጥር የቆየ አንባቢ በገዛ ፍርዱ ያፍራልና። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ገጾች ያችኑ እናት ቢላዋ አስጨብጣ ነፍሰ ገዳይ ታደርጋታለች። የሠራችውን መልሳ አፈረሰችው፤ ይኸውም አንባቢን ለማስደንገጥ ነው።

«ልብ ወለድ የሕክምና መጽሐፍ አይደለምና እንዳሻው ያስደንግጥ» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። ማስደንገጡን አልከለከልንም። ነገር ግን አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ዳኛ፥ ሐኪም፥ መምህር ወይም ባል ሆኖ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው መሆኑ አይዘንጋ። በአውስትራሊያ ሊንዲ ቻምበርሌይን በ1980 ዓ.ም. የዘጠኝ ሳምንት ልጇን ዲንጎ የሚባል የዱር ውሻ ከድንኳን እንደ ወሰደባት ጮኻ ብትናገር ብዙ ሰው አላመናትም፤ ኀዘኗ እንኳ በቂ አይደለም ተብሎ ተተቸ። በ1982 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በ1986 ዓ.ም. የሕፃኗ ሹራብ ሲገኝ ተፈታች፤ በ1988 ዓ.ም. ፍርዱ ተሻረ፤ ገዳዩ ዲንጎ መሆኑ በሕግ የጸናው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። የአንዲት እናት ቃል ለመታመን 32 ዓመት ፈጀ።

በዓለም የጤና ድርጅት ግምት ከወላዶች 13 በመቶ ያህሉ፥ በታዳጊ አገሮችም 20 በመቶ የሚጠጉት የአእምሮ ሕመም፥ ይልቁንም የመንፈስ ጭንቀት ያገኛቸዋል። እነዚህ እናቶች ሕክምና የሚሹ ሕመምተኞች ናቸው። ሕመማቸው የነፍሰ ገዳይ ምልክት ሆኖ ሲሣል ካዩ ግን ለማን ደፍረው ይናገራሉ?

ሌላ መንገድ መኖሩን አሜሪካዊቱ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን በ1892 ዓ.ም. ባወጣችው «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» አሳይታለች። ወልዳ የታመመችውን ሚስት ሐኪም የሆነው ባሏ ቃሏን ንቆ ያለ ሥራ እንድታርፍ ሲያስገድዳት ሕመሟ ይብስባታል። እዚያ የሚያስፈራው እናቲቱ ሳትሆን የሚሰማት ማጣቷ ነው።

ስለዚህ ደራስያን ሲጽፉ፥ መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሲያነቡ፥ መርማሪው አስቀድሞ የጠየቀው ምን እንደ ሆነ ነው ወይስ ሴቲቱ ጤነኛ መሆኗን ብለው ይመርምሩ። ቃሏን ትቶ ጤንነቷን የሚመረምር መርማሪ፥ በልብ ወለድም ቢሆን፥ ሥራውን ገና አልጀመረም።