በሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ለመሰንበት ስለ መሰናዳት

ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወርዶ ድንኳን ተክሎ ለመሰንበት ያሰበ ሰው ከስንቁ አስቀድሞ ስለ ልጆቹ ጤና ሊያስብ ይገባዋል። ይልቁንም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር በስምጥ ሸለቆው ወባ ይበረታልና፥ ለእያንዳንዱ መኝታ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዝ። ድንኳኑም ከውሃው ራቅ ብሎ በደረቅ ስፍራ ይተከል። የሚጠጣው ውሃ ከቤት ይጫን። የላንጋኖ ውሃ መልኩ ቡናማ ስለ ሆነ ሕፃን ቢሰጥም አይታይም፤ ስለዚህ ልጆች ሲዋኙ አንድ አዋቂ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃቸው። ከተመለሱም በኋላ ልጅ ቢያተኩሰው፥ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፥ ብርድ ነው ብሎ ሳይዘገዩ በዚያው ቀን ደሙን ማስመርመር ይገባል። የጉዞው ደስታ የሚፈጸመው ሁሉም በደኅና ሲገቡ ነውና።