«ሥራስ?»

ባለፈው ሰሞን ለሒሳብ ሠራተኝነት አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከጠያቂዎቹ አንዱ ማስረጃዬን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «እነዚህን ሰባት ዓመታት ምን ሲሠሩ ነበር?» አለኝ።

«ልጆች ሳሳድግ።»

«እሱማ ጥሩ ነው። ሥራስ?»

ይህቺ «ሥራስ» አሳረረችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ ሥራ የለቀቅሁት ቤት መዋል አምሮኝ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአባትየው 3 ቀን። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጄ ገና በወጉ መቀመጥ አልቻለም። ሞግዚቷ በአሥራ አምስት ቀኗ ጥላኝ ሄደች፤ የሕፃናት ማቆያው ክፍያ ደመወዜን ሊውጠው ደረሰ። ታዲያ ማን ይቅር? እኔ ቀረሁ።

ቀርቼስ ምን ሠራሁ? ከገበያው ጋር እየተናነቅሁ በአንድ ሰው ደመወዝ አምስት ነፍስ አኖርኩ። የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ ሆኜ አንዲት ሳንቲም አላጎደልኩም። ሒሳብ ማለት ሌላ ምንድነው?

ይኼኔ «አሠራሩ ተለውጧል፣ ኮምፒውተሩ ተለውጧል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኮ ፈትኑኛ! ከወደቅሁ እወድቃለሁ። ሳይፈትኑ መጣል ግን ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ሰባት ዓመት ውጭ አገር ቆይቶ ለመጣ ወንድ ወንበር ይሳባል፤ ለእኛ «ሥራስ?»

ያ ጠያቂዬ የዚያን ዕለት ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ቁርሱን በልቶ ነው የመጣው። ማን እንደሠራው ማታ ቤቱ ሲገባ ይጠይቅ።