የነዳጅ ታክስ ሁለት ተልእኮዎች፦ ከፒያሳ አንጻር ሲታዩ

በነዳጅ ላይ የሚጣል ታክስ ሁለት ተልእኮዎች አሉት፦ ለመንግሥት ገቢ ማስገኘትና ፍጆታን መቀነስ። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም፤ ፍጆታው በቀነሰ መጠን ገቢውም ይቀንሳልና።

የጉዳዩ ክብደት ለመዲናዋ አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ቀውስ ያስከተለው የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ እንዲያቆሙ ምክንያት ሆኗል። መንግሥትም በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ከፊሉን አንስቷል።

ድጎማ በተገላቢጦሽ የሚሠራ ታክስ ነው። ለሁሉም እኩል ሲሰጥ ይበልጥ የሚጠቀመው ብዙ ነዳጅ የሚቀዳው ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ተግባራዊ የሆነው የታለመ ድጎማ ይህን ለማረም፣ ድጋፉን በቴሌብር አማካይነት ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ወስኗል። በወቅቱ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን፣ በታህሳስ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ማስተካከያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደርሷል። ለዚህም ከድጎማው መነሳት ባሻገር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ድርሻ አለው።

ይህን ያህል የዋጋ ለውጥ ነዋሪው መኪናውን እንዲያቆም ያደርጋል ወይ? መልሱ እንደየአቅጣጫው ይለያያል። ከፒያሳ ወደ ቃሊቲ ለሚሄድ ሰው ከምኒልክ አደባባይ የሚነሳ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቀላል ባቡር አለ። ወደ አራት ኪሎም ቢሆን በኮሪደር ልማት የተስተካከለው የእግረኛ መንገድ ያስኬዳል። ወደ ሽሮ ሜዳ ወይም ወደ አዲሱ ገበያ ለሚወጣው ግን የባቡር ሐዲዱ አይደርስም። አማራጭ በሌለበት መስመር የነዳጅ ዋጋ ልማድን አይለውጥም፤ ኪስን ብቻ ይነካል። ስለዚህ ከታክሱ አስቀድሞ አውቶቡሱ ሊደርስ ይገባል።

ሌላው ብዙም ያልተነገረለት ጉዳይ የመንገድ ጥገና ወጪ ነው። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋነኛ ምንጭ በነዳጅ ላይ የሚጣል ክፍያ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆኗል፤ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችም የታክስ ማበረታቻ አግኝተዋል። የቸርችል ጎዳናን አቀበት የሚወጣ የኤሌክትሪክ መኪና ያንኑ አስፋልት ይረግጣል፤ ለፈንዱ ግን በነዳጅ በኩል የሚያስገባው የለም። ኒውዚላንድ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባለንብረቶችን በተጓዙበት ኪሎ ሜትር ልክ እያስከፈለች ነው። በአገራችን ተመሳሳይ አሠራር ቢታሰብ፣ ለዓመታዊ ቦሎ በሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራ ወቅት የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ መመዝገብ ቀላሉ መነሻ ይሆናል።